ቤተሰብ ይዞ በጭነት መኪና፦ የናዝሬት ሰው ሊፍት አጠያየቅ

ሊፍት መንገድ ዳር ቆሞ እጅ በማወዛወዝ የሚገኝ የሚመስለው ሰው ግማሽ ቀን ፀሐይ ሲመታው ይውላል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ናዝሬት ላይ ለአውቶቡስ የሚበቃ ገንዘብ ያልነበረው ቤተሰብ ሦስት አራት ልጅና አንድ ኩንታል እህል ይዞ አሰላ ወይም መተሃራ ይገባ የነበረው ነገሩን ማታውኑ ጨርሶ ስለሚያድር ነው። ለጠዋት የሚቀረው መኪናው ላይ መውጣት ብቻ ነበር። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ዘመን አካሄድ ነው። ነገ ለሚሄድበት ሰው እንደሚነገር አድርገን ጻፍነው፤ ዛሬ የተለወጠውን እግረ መንገዳችንን እንጠቅሳለን። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ ለዚህ ነገር የተመቸች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከወደብ ሲወጣ የሰነበተ ሹፌር ፊቱን የሚታጠብባት፣ ወደ ወደብ የሚወርደው ደግሞ ጎማና ዘይቱን የሚያይባት መቆሚያ ነች። እስከ 1990 ድረስ የአሰብ መኪና ያልፍባት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የጅቡቲው ያልፋል። በምሥራቅ ወለንጭቲ፣ መተሃራና አዋሽ ሰባት ኪሎ አሉ። በደቡብ መልካሳ፣ ዴራ፣ ኢተያና አሰላ ይገኛሉ። በምዕራብ ሞጆ ናት፤ ከሞጆ የታጠፈው መንገድ በመቂና በዝዋይ አድርጎ ሻሸመኔ ይገባል። አራተኛዋ አጭሯ የወንጂ መንገድ ናት። እያንዳንዱ መንገድ የራሱ ጭነት፣ የራሱ ሰዓትና የራሱ አየር አለው፤ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ጭነቱን ማየት

ልምድ ያለው ሰው ሹፌሩን «ወዴት ነህ?» ከማለቱ በፊት መኪናውን አንድ ጊዜ ይዞረዋል። ይህን የሚያደርገው ሦስት ነገር ለማወቅ ነው፤ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል፣ ቦታ አለው ወይ።

ስንዴ፣ ገብስ ወይም ባቄላ የጫነ ከአርሲ የወረደ ነው። ከሰዓት በኋላ እህል ተራ ሲራገፍ ከተገኘ በማግስቱ ባዶውን ወደመጣበት ይመለሳል ማለት ነው። አሰላ ለሚሄድ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ መኪና የለም፤ ቦታው ሰፊ ነው፣ ሹፌሩም በባዶ ከሚመለስ ጥቂት ብር ቢያገኝ አይጠላም። ከጋቢናው ጀርባ ወይም ከጭነቱ አናት ላይ የከሰል ጆንያ የደረደረ ከቆላ እየወጣ ነው፤ ሹፌሮች ከሰል በርካሽ የሚገዙት በመተሃራና በአዋሽ በኩል ነውና ይህ መኪና ወደ ሞጆና ወደ አዲስ አበባ ያልፋል። ከካሶኒው (ከዕቃ መጫኛው ሣጥን) ሥር ሁለት ሦስት የውሃ ጀሪካን ያንጠለጠለ፣ ትርፍ ጎማውም ሁለት የሆነ ወደ በረሃ የሚወርድ ነው። ሸራው ከዳር እስከ ዳር በገመድ ተጠፍሮ ከታሰረ ጉዞው ሩቅ ነው፤ ጭነቱን ሜዳ ላይ ፈትቶ ሰው የሚያስቀምጥ ሹፌር ስለሌለ በእንዲህ ያለው መኪና የሚታሰበው ጋቢና ብቻ ነው። ጭነቱ ተገልጦ ገመድ በላዩ ጣል ጣል ከተደረገበት ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። በክረምት ጎማውም ይናገራል። ዝናብ በሌለበት ቀን እስከ መቀርቀሪያው ጭቃ የለበሰ መኪና ከደጋ የወረደ ነው።

ከዚያ ዘመን በኋላ በዚህ ላይ ሰሌዳ ተጨመረ። «ኢት» የሚል ሰሌዳ ያለው የረጅም መንገድ መኪና ነበር፤ ክልሉን የጻፈው ብዙ ጊዜ አይርቅም ነበር። ኮድ 3 የንግድ ስለሆነ ሹፌሩ በገዛ ፈቃዱ ሊወስን ይችላል። ኮድ 4 የመንግሥት ነውና መለመን ሹፌሩን ማስጨነቅ ነው። የዕርዳታ ድርጅት መኪና ግን ዱሮም ዛሬም አይጠየቅም፤ ሰው ጭኖ የተገኘ ሹፌር እንጀራውን ያጣል።

የት ይጠየቃል፣ ማን ይጠየቃል

ቦታው ጎሚስታ ቤት ወይም ማደያ ነው፤ ሰዓቱ ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት። ጎማ እስኪለጠፍ ሹፌሩ ገብቶ ቡና ይጠጣል፣ ረዳቱ ደጅ ይቀራል። መጠየቅ ያለበት ረዳቱ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያውቀው፣ ዕቃ የሚያነሣው፣ ከጭነቱ ላይ አብሮ የሚሄደው እሱ ነውና ረዳቱ ያልወደደውን ቤተሰብ ሹፌሩ ቢፈቅድ እንኳ መንገዱ አይጥምም። ግን ረዳቱ ብቻውን አይወስንም። ገንዘቡን ለረዳቱ ሰጥቶ ሹፌሩ ሳያውቅ የወጣ ሰው ሹፌሩ ለሽንት በቆመበት ሜዳ ላይ ይወርዳል፣ ገንዘቡም አይመለስም። ስለዚህ ረዳቱን «ለጋሼ ንገርልን» ብሎ ሹፌሩ በዓይኑ እንዲያይ ማድረግ ግድ ነው።

አነጋገሩ አጭር ይሁን፤ አራት ነገር በአንድ ትንፋሽ፦

«እንደምን አመሸህ ወንድሜ፤ ወደ አሰላ ናችሁ?»

«ነን።»

«ኢተያ የምንወርድ ሁለት ትልልቅ ሰዎችና ሦስት ልጆች ነን። ዕቃችን ሁለት ግማሽ ጆንያና አንድ ዘንቢል ነው። ትንሿ ጡት ትጠባለች። እንደ አቅማችን እንከፍላለን።»

«ቆይ፣ ለጋሼ ልንገረው።»

መድረሻ፣ የሰው ቁጥር፣ ዕቃ፣ ክፍያ። ከእነዚህ አንዱን የደበቀ ጠዋት ይጋለጣል። የተለመደው ስሕተት እናትየዋን ከሕፃን ጋር ፊት ለፊት አቁሞ አባትየውንና ትልልቆቹን ልጆች ከዛፍ ጥግ መደበቅ ነው። ሹፌሩ አዝኖ ሲቆም ስድስት ሰው ከነኮተቱ ብቅ ይላል። እንዲህ የተታለለ ሹፌር ጥሎ ይሄዳል፤ በዚያ መንገድ ለሚቀጥለው ወርም ለማንም አይቆምም። ደግ ሹፌር የሚበላሸው እንዲህ ነው።

«እንደ አቅማችን» የሚለው ቃል ነፃ ማለት አይደለም። ልማዱ ከአውቶቡሱ ታሪፍ ግማሽ ወይም ከዚያ ዝቅ ያለ ነበር፤ ጋቢና ከላይ ይወደዳል፣ በጭን ላይ የሚቀመጥ ልጅ አይቆጠርም። ገንዘብ ከሌለ በጉልበት ይከፈላል። አባትየው ማታ ሲጫን ያግዛል፣ በመንገድም ዳገት ላይ ከረዳቱ ጋር ታኮ ይዞ ይወርዳል። ታኮ ከኋላ ጎማ ሥር የሚወረወረው የእንጨት ሽብልቅ ነው፤ መኪናው ዳገት ላይ አቅም አጥቶ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። የሚወረወረው ከጎን ነው። ከመኪናው ጀርባ ቆሞ ታኮ የሚያስገባ ሰው መኪናው ከተንሸራተተ መሸሻ የለውም። የሚከፈለው ሲወረድ ነው፤ ቀድሞ ክፈሉ ካለ ግማሹን ሰጥቶ ግማሹን ማስቀረት።

ማታ ሳይሆንለት ቀርቶ መንገድ ዳር መቆም የተገደደ ሰው ከከተማው መውጫ፣ መኪናው ማርሽ ቀንሶ ከሚሄድበት፣ ደግሞም ከአስፋልቱ ወርዶ መቆም ከሚችልበት ቦታ ይቁም። ቁልቁለት ላይ የቆመ ሰው ተስፋ የለውም፤ የተጫነ መኪና ለሰው ብሎ ፍሬን አያግልም። ለወንጂ ወንጂ ማዞሪያ ነው። ለአሰላም ለመተሃራም የመጨረሻዎቹን ቤቶች አልፎ መቆም ያዋጣል፤ ከዚያ ወዲህ የሚያልፈው ግማሹ ከተማው ውስጥ የሚቀር ነውና። እጅ ይዘረጋል፣ መዳፍ ወደ መሬት ሆኖ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። አውራ ጣት መቀሰር የፈረንጅ ነው፤ እዚህ ትርጉም የለውም። ሹፌሩም በእጁ ይመልሳል። ጣቱን ወደ ጎን ከቀሰረ እዚሁ አቅራቢያ ሊታጠፍ ነው፣ ወደ መሬት ካሽከረከረ ከዚህ አልወጣም ማለቱ ነው፣ እጁን ከፍ አድርጎ ከነቀነቀ ሞልቷል። በዚህ ጊዜ መሳደብ ሳይሆን እጅ ነሥቶ ማሳለፍ ነው። ማታ ሲመለስ ያው ሰው ሊሆን ይችላል።

ዕቃ አስተሣሠር

ኩንታል አይያዝም። 100 ኪሎ ወደ ካሶኒ ለማውጣት ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ ረዳቱ ያን ሲያይ ሐሳቡን ይለውጣል። እህሉን በሁለት ጆንያ 50፣ 50 ኪሎ መክፈልና አፉን በሲባጎ ሰፍቶ ጆሮ ማውጣት፣ ማለት ጥግና ጥጉን ለእጅ መያዣ አድርጎ ማሰር ነው። ሌላው ዕቃ አንድ ሰው በአንድ እጁ ከጭንቅላቱ በላይ ሊያነሣው ከሚችለው እንዳይበልጥ። እያንዳንዱ ጆንያ አፍ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ብጣሽ ጨርቅ ይታሰራል። ጆንያ ከጆንያ አይለይምና ሲወረድ «የኔ ነው፣ የባለጭነቱ ነው» የሚል ክርክር የሚነሣው በዚህ ነው። ከክርክሮች ሁሉ የከፋው ደግሞ «ከጭነቱ ጎድሏል» የሚለው ነው። አንድ ከረጢት ስኳር ከጎደለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከላይ የተቀመጠው ድኻ ነው። መከላከያው ሁለት ነው፦ ረዳቱ በሌለበት ጭነት ላይ አለማደር፣ ሲወጡም ሲወርዱም ዕቃን ለረዳቱ ቆጥሮ ማሳየት።

ስንቁ ደረቅ ይሁን። ወጥ ይደፋል። አንድ ኪሎ በሶ ለአምስት ሰው ለአንድ ቀን ያደርሳል፤ ሲርብ በውሃ ይጨበጣል እንጂ በጥብጦ መጠጣት የሚቻለው መኪናው ሲቆም ነው። የአርሲ ሰው ጭኮ ይዞ ይወጣል፤ በተነጠረ ቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ሙቀት አያበላሸውም፣ ትንሽ ተበልቶም ያጠግባል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለልጆች አፍ መያዣ ናቸው። ለሚያስመልሰው ልጅ ሎሚ ወይም የብርቱካን ልጣጭ ማሽተት፣ ከመውጣቱ በፊትም ወተት አለመስጠት። ውሃ ወደ መተሃራና አዋሽ ለሚወርድ በትልቅ ሰው ሁለት ሊትር ነው፤ አሰላ ለሚወጣ ግማሹ ይበቃል። የተቀነሰው ውሃ በጋቢ ይተካል። ናዝሬት ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አሰላ ከ2,400 ሜትር አይጎድልም። ናዝሬት በሸሚዝ የወጣ ልጅ ከኢተያ በኋላ ክፍት መኪና ላይ ነፋስ ሲመታው ከንፈሩ ይጠቁራል።

ከላይ ለሚቀመጥ ሰው የማይቀሩ ዕቃዎች ሦስት ናቸው፤ ለአቧራ ሻሽ ወይም ነጠላ፣ ለመቀመጫ አንድ ባዶ ኬሻ፣ ልጆችን ለማሰር ሦስት ሜትር የሚሆን ገመድ ወይም መቀነት። ገመዱ ከልጁ ወገብ ወደ አባቱ ወገብ ይሄዳል፤ ከጭነቱ ገመድ ጋር አይታሰርም። ጭነት ከተንሸራተተ ልጁን ይዞት ይሄዳል።

አወጣጥ

መኪናው የሚነሣው ሌሊት 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይደረሳል። በድሮ ናዝሬት ዳርቻ ሌሊት ጅብ ስለማይጠፋ ሩቅ ሰፈር ያለ ቤተሰብ ማታውኑ መጥቶ ማደያው አጠገብ ያድር ነበር። እዚህ ላይ አንድ የማይጣስ ነገር አለ፤ ከመኪና ሥር አይተኛም። ጥላውና ሙቀቱ ያማልላል። ሹፌሩ ግን እንቅልፉን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሞተር ሲያስነሣ ሥሩን ጎንበስ ብሎ አያይም።

በዚያን ዘመን በብዛት የሚገኘው ጣልያን ሠራሹ ፊያት ኤንትሬ ነበር። ብዙዎቹ መሪያቸው በቀኝ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1956 ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ከዞረች በኋላም መሪው እዚያው ቀረ። ለሊፍት ጠያቂ ይህ በጎም ክፉም አለው። ከመንገዱ ቀኝ ጠርዝ የቆመ ሰው ፊት ለፊት የሚያገኘው ሹፌሩን ራሱን ነው፤ ሳይጮኽ ያናግረዋል። ጋቢና የሚገባው ግን በግራ በር፣ ከመንገዱ መሐል በኩል ነው። እናት ልጅ ታቅፋ በዚያ በር ስትወጣ አንድ ትልቅ ሰው ወደ ኋላ እየተመለከተ መኪና ይጠብቅላት። የኤንትሬ ሞተር ከሁለቱ ወንበሮች መሐል ነው፤ ሽፋኑ ላይ ልጅ ማስቀመጥ በቀዝቃዛው ሌሊት ደግ ነገር ይመስላል፣ አንድ ሰዓት ያህል ከተሄደ በኋላ ግን ይፋጃል። አራት ጊዜ የታጠፈ ብርድ ልብስ ከሌለ ባዶውን አይቀመጡበትም።

ወደ ካሶኒ የሚወጣው በኋላ ጎማ በኩል ነው። አንድ እግር ጎማው መሐል ካለው ብረት፣ ሁለተኛው ከጎማው አናት፣ ከዚያ ስፖንዳውን፣ ማለት የካሶኒውን የጎን ግድግዳ፣ ይዞ አንድ ጊዜ መሳብ። ብርቱው ሰው መጀመሪያ ይወጣል፣ ዕቃ ይቀበላል፣ ቀጥሎ ልጆች ከትልቅ ወደ ትንሽ ይሰጡታል፤ መጨረሻ የሚወጣው ከታች የሚሰጠው ነው። ሞተር ከተነሣ በኋላ ጎማ ላይ እግር አይደረግም። ቀለበት በጣት አይደረግም፤ ስፖንዳ መቀርቀሪያ ላይ ተይዞ ጣት ይዞ የሚሄደው ቀለበት ነው።

የት ይቀመጣል

ከሁሉ የሚሻለው ከጋቢናው ጀርባ፣ ጀርባን ለጋቢናው ሰጥቶ ፊትን ወደ ኋላ አዙሮ መቀመጥ ነው። መኪናው ድንገት ፍሬን ሲይዝ የተቀመጠውን የሚይዘው የጋቢናው ግድግዳ ነው፤ ፊቱን ወደ ፊት ያዞረ ሰው ግን ጥርሱን በብረት ይመታል። በዚህ ቦታ ነፋሱም ይቀላል። ስፖንዳ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ጉራ የሚወዱ ጎረምሶች የሚወድቁት ከዚያ ነው። ከጭነት በላይ የተቀመጠ ሰው ከተማ ሲገባ ይተኛ ወይም ያጎንብስ። ከፍ ብሎ የተጫነ መኪና በኤሌክትሪክ ሽቦና በዛፍ ቅርንጫፍ ሥር ሲያልፍ ሹፌሩ የሚለካው ጭነቱን እንጂ በላዩ ያለውን ራስ አይደለም።

ጭነትና ጭነት ይለያያል። የእህል ጆንያ ምርጥ ነው፤ ከብዶ መኪናውን ስለሚያረጋጋ አያንገጫግጭም፣ ገላም ይቀበላል። ባዶ መኪና ሰፊ ነው ግን ያዘልላል፤ ኬሻ አጥፎ መቀመጥና ልጆችን ጭን ላይ ማድረግ ነው። ስኳር እንደ እህል ነው፣ ንቡ ግን ሲቆም ይመጣል። ሲሚንቶ ላይ ሕፃን አይቀመጥም፤ አቧራው ላብ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይንም ይጎዳል። ማዳበሪያዎቹ ዩሪያና ዳፕም እንደዚያው ናቸው፣ በተለይ ዝናብ ከመታቸው። ሽንኩርትና ድንች በጆንያ ከሆኑ ይሆናሉ፣ ዳገት ላይ ግን ይንከባለላሉ። ፌሮ፣ ቆርቆሮና ቱቦ ላይ ለማንኛውም ገንዘብ ቢሆን አይወጣም፤ ፍሬን ሲያዝ ብረቱ ወደ ፊት ይሾልካል፣ ከጋቢናው ጀርባ የተቀመጠውን የሚያገኘው ያኔ ነው። የነዳጅ ቦቴ ላይ መቀመጫ የለም፤ ጋቢና ከተገኘ ደህና፣ ካልተገኘ ይቅር።

ተሳቢ ብዙ ሰው ያታልላል። ሰፊና ባዶ ነው፣ ረዳቱም ቶሎ ይፈቅዳል። ከኋላ ስለሚጎተት ግን የፊተኛውን አቧራ ሁሉ ይውጣል፣ በመታጠፊያም እንደ ጅራት ይወራጫል። ከሁሉ የከፋው ሹፌሩን ማናገር አለመቻሉ ነው። ከፊተኛው ካሶኒ ላይ የጋቢናውን ጣሪያ ሁለት ጊዜ መምታት «ቁም» ማለት ነው፤ ተሳቢ ላይ ያለው ልጁ ቢወድቅ እንኳ የሚሰማው የለም። በመኪናውና በተሳቢው መሐል ባለው መጎተቻ ብረት ላይ የሚቀመጥ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ስለ እሱ የሚሰጥ ምክር የለንም፤ እንዳይቀመጥ ነው።

መንገዶቹ

አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት ባዶ መኪና ወደ ላይ፣ ከሰዓት የተጫነ ወደ ታች፤ ስለዚህ ሄዶ ለመመለስ የሚያስብ ሰው ሲሄድ ቦታ፣ ሲመለስ ምቾት ያገኛል። ለሶደሬ የሚወርድ መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት ጣሪያ ይምታ፤ መልካሳ ላይ መንገዱ ወደ አዋሽ ወንዝ ድልድይ ስለሚወርድ ያለፈ መኪና አይቆምም። በደርግ ጊዜ የዚህ መንገድ ጣጣ ኬላ ነበር። እህል በነፃ ማንቀሳቀስ አይቻልምና ከአርሲ የሚመጣ ጆንያ ይፈተሻል፣ ይያዛል። ቤተሰቡ እህሉን በየልጁ ከረጢት የሚበትነው፣ ከፊሉንም ቆልቶና ፈጭቶ በሶ አድርጎ የሚያመጣው ለስንቅ ብቻ አልነበረም፤ በሶ ስንቅ ነው፣ ገብስ ግን ንግድ ነው ይባላል።

መተሃራ 100፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ 125 ኪሎ ሜትር ግድም ናቸው። ይህ የሙቀት መንገድ ነው። ሌሊት ተነሥቶ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት መግባት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ የካሶኒው ብረት ራሱ ይፋጃል። አዋሽ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው ወደ አፋር በረሃና ወደ ወደብ። የወደብ መኪና ይዞ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው እዚህ ወርዶ ሌላ መለመን አለበት፤ ይህን ናዝሬት ላይ ሳይጠይቅ የተሳፈረ በረሃው መሐል ይነቃል። በዚህ መስመር ሌላ ምርጫም ነበር። ባቡሩ በ1909 አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ሐዲዱ በናዝሬት፣ በወለንጭቲ፣ በመተሃራና በአዋሽ ያልፍ ነበር፤ ዕቃ የሌለው ሰው በሦስተኛ ማዕረግ መሄዱ ከሊፍት ይሻለው ነበር። ጆንያ ያለው ግን መኪናውን ይመርጣል፤ መኪና ደጁ ድረስ ያወርደዋል።

ወደ ሞጆ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዚያ ብቻ ሊፍት መጠየቅ ድካሙን አያክልም። ሻሸመኔ የሚሄድ ግን ናዝሬት ላይ የሻሸመኔ መኪና ከሚፈልግ እንደ ምንም ሞጆ ደርሶ መታጠፊያው ላይ ቢቆም ቶሎ ያገኛል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚወርደው አብዛኛው እዚያ ይታጠፋል።

ወንጂ ቅርብ ነው፣ ጋሪም ነበረው። የሸንኮራ ትራክተር ይቆማል፣ ቀስ ብሎም ይሄዳል። አደጋው ልጆች አገዳ ለመምዘዝ ከኋላ ሲንጠለጠሉ ነው፤ የሚከተለው ሁለተኛው ጎታች አይታያቸውም።

ሲበላሽ

መኪና ይበላሻል። ጎማ ከፈነዳ ሁለት ሰዓት ነው፤ ይጠበቃል፣ ይታገዛልም። ሞተር ከፈላና ውሃ ከጨመሩበት በኋላ ነጭ ጭስ ካላቆመ የተበላሸው ቴስታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ነው። ረዳቱ ዕቃ መለዋወጫ ፍለጋ በሌላ መኪና ሲሄድ ካያችሁ ያ መኪና ዛሬ አይነሣም፤ ነገም አጠራጣሪ ነው። የተሄደበትን ያህል ብቻ ከፍሎ፣ ገና ሳይመሽ፣ ሌላ መኪና መለመን ነው። ሹፌሩ ራሱ ለጓደኛው ያስረክባችኋል፤ መንገድ ላይ ለቆመ ሹፌር ሌላ ሹፌር ይቆምለታልና ከእሱ አጠገብ መሆን ያዋጣል። ሰዓት እላፊ በነበረባቸው ዓመታት መኪናው ከመሸ ከተማ አይገባም፤ ለዚያ አንድ ማታ የሚበቃ ስንቅ ሁልጊዜ በተጨማሪ ይያዝ ነበር። ኬላ ላይ ከላይ ያለውን ሰው ሁሉ ያወርዳሉ። መታወቂያ በእጅ፣ ልጅ በእጅ፤ ፍተሻው ሲያልቅ መኪናው ከኬላው ወዲያ 50 እርምጃ ርቆ ይቆማልና ወደዚያ በእግር መሄድ እንጂ «ጥሎን ሄደ» ብሎ መጮኽ አያስፈልግም።

ብቻዋን የምትሄድ ሴት በሌሊት መኪና አትሄድም። ይህ ለጨዋነት ሳይሆን ለደኅንነት የወጣ ልማድ ነው። ግድ ከሆነ ከሌላ ሴት ወይም ከቤተሰብ ጋር ትጣበቃለች፤ ጋቢና ከገባች በበሩ በኩል ትቀመጣለች እንጂ ከሹፌሩና ከረዳቱ መሐል አትገባም። ሸኚዋም ሹፌሩ እየሰማ «ኢተያ ወንድሟ ወጥቶ ይጠብቃታል» ይላል፤ የሚጠብቃት ባይኖርም ይላል።

ዛሬ ጭነት ላይ ሰው ማሳፈር ሹፌሩን ያስቀጣል፣ ትራፊክ ሲያይ ያወርዳል። በ2007 መጀመሪያ የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ደግሞ እግረኛ አያስገባም፣ ሹፌርም እዚያ ቆሞ ሰው አይጭንም፤ በዚያ አቅጣጫ የሚለመነው አሁንም በአሮጌው መንገድ ነው። ሕዝቡ «አልቃይዳ» የሚለው አይሱዙ በገበያ ቀን የአርሲን ገጠር ሰው ከነበጉ ጭኖ ይወርዳል፤ «ቀይ ሽብር» የተባለው ሲኖ ትራክ ግን አፈርና ድንጋይ ስለሚገለብጥ ካሶኒው ለሰው አይሆንም። ስሞቹ የወጡት በከንቱ አይደለም። አይሱዙው ቀላልና ፈጣን ነው፤ እንደ ኤንትሬ አያዘግምም፣ ስለዚህ ከላይ ያለው የመቀመጫ ደንብ ለእሱ በእጥፍ ይሠራል።

አወራረድ

መውረጃው ከመድረሱ አንድ ኪሎ ሜትር በፊት ጣሪያ ይመታል፤ የተጫነ መኪና ለመቆም ርቀት ይፈልጋል። ሹፌሩ ሞተር ላያጠፋ ስለሚችል ቅደም ተከተሉ ቀድሞ ይታወቅ፤ መጀመሪያ ብርቱው ሰው ይወርዳል፣ ቀጥሎ ልጆች፣ ቀጥሎ ዕቃ፣ መጨረሻ እናት። ልጆቹ ከአስፋልቱ ወጥተው አንድ ቦታ ይቀመጡ፤ ከመኪናው ፊት ዞሮ መንገድ ማቋረጥ የለም፣ ከኋላ የሚመጣው አያያቸውም። ጨርቅ የታሰረበት ጆንያ ይቆጠራል፣ ለረዳቱ ይታያል። ገንዘቡ ተዘርዝሮ በእጅ ይዘጋጅ፤ ሜዳ ላይ ዝርዝር የለም። የሚሰጠው ለሹፌሩ በመስኮቱ በኩል፣ «መንገዱን ያቅናልህ» ተብሎ ነው። ለረዳቱ ደግሞ ከስንቁ የተረፈው ቆሎ።